ኮዱማ የታዘዘውን ፈጽሟል

ከዳላስ ወደ ፎርት ወርዝ በኢንተርስቴት 30 ስነዳ፣ የመሃል ከተማው ሕንጻዎች ብቅ ሲሉ ትዝ የሚለኝ አንድ ፍርድ ቤት ነው። የአሜሪካ መንግሥት በቦይንግ ላይ የመሠረተው የወንጀል ክስ የታየው እዚያ፣ በፎርት ወርዙ የፌዴራል ፍርድ ቤት ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 26 ቀን 2023 የሟቾች ቤተሰቦች በዳኛ ሪድ ኦኮነር ፊት ቆመው ስላጧቸው ሰዎች ተናገሩ። ከሟቾቹ 157ቱ መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ ተነስቶ ቢሾፍቱ አቅራቢያ በወደቀው በኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ላይ የነበሩ ናቸው። 189ኙ ደግሞ ከአራት ወር ቀደም ብሎ ኢንዶኔዥያ ውስጥ በወደቀው የላየን ኤር አውሮፕላን የተሳፈሩ ነበሩ። ክሱ ብዙ ከተጓተተ በኋላ በኖቬምበር 2025 ተዘግቷል።

ይህ አካባቢ ደግሞ የ737 ማክስ ሰፈር ነው። የአሜሪካን ኤርላይንስ ዋና መሥሪያ ቤት ፎርት ወርዝ ነው፤ ሳውዝዌስት ዳላስ ነው። ሁለቱም ማክስ ያበራሉ። እኔም ወንድሜን ለመጠየቅ ስሄድ ወንበሬ ፊት ለፊት የተሰካውን የደኅንነት ካርድ አይቼ «ማክስ» የሚል ሲሆን ትንሽ ዝም እላለሁ።

የሕጉን ነገር ለሕግ ሰዎች እተወዋለሁ። እዚህ ካለነው ሐበሾች ጋር ቡና ላይ ስናወራ ግን ደጋግሜ የምሰማት አንዲት ቃል አለች፤ «ሶፍትዌሩ ባግ ነበረበት» ይባላል። በዚህ አልስማማም። ሙያችንን በቀጥታ የሚነካ ነገር ስለሆነ፣ ለምን እንደማልስማማ ልንገራችሁ።

ኤምካስ የሚባለው ሶፍትዌር ሥራው ቀላል ነው። የማክስ ሞተሮች ከድሮዎቹ የተለቁ ስለሆኑ ክንፉ ላይ ወደ ፊትና ወደ ላይ ተጠግተው ነው የተሰቀሉት። በዚህ ምክንያት አውሮፕላኑ በአንዳንድ ሁኔታዎች አፍንጫውን ከሚገባው በላይ ቀና የማድረግ ዝንባሌ አመጣ። ኤምካስ ይህን ሲያይ የጭራውን አግድም ክንፍ አዙሮ አፍንጫውን ወደ ታች ይመልሳል። በመጀመሪያው ንድፍ የሚነሳው በከፍተኛ ፍጥነት ላይ ሲሆን፣ ያውም ሁለት ነገር አብሮ ሲገኝ ነበር። ክንፉ ከነፋሱ ጋር የሚሠራው አንግል ከፍ ማለት አለበት፤ አውሮፕላኑ ላይ የሚያርፈው ጂ-ፎርስም መጨመር አለበት። በአንድ ጊዜ ማዞር የሚችለው 0.6 ዲግሪ ብቻ ነበር።

በ2016 በሙከራ በረራ ላይ በዝቅተኛ ፍጥነትም እንደሚያስፈልግ ታየ። መስፈርቱ ተለወጠ። የጂ-ፎርሱ ቅድመ ሁኔታ ወጣ፤ 0.6 የነበረው ወደ 2.5 ዲግሪ ከፍ አለ። ኤምካስን ለማስነሳት የአንድ አንግል ሴንሰር ንባብ ብቻ በቂ ሆነ።

አሁን ወደ ቢሾፍቱው በረራ እንምጣ። አውሮፕላኑ መሬት እንደለቀቀ የግራው ሴንሰር ንባብ ዘሎ 74.5 ዲግሪ ደረሰ። የቀኙ ከ15.3 አላለፈም። ኤምካስ የግራውን አመነና አፍንጫውን ወደ ታች ገፋ። አብራሪዎቹ ሲመልሱት እንደገና ገፋ። ከመነሻው እስከ መጨረሻው 6 ደቂቃ ገደማ ነው።

እስቲ ለዚህ ኮድ ዩኒት ቴስት እንጻፍለት። ግብዓት፦ አንግል 74.5። የሚጠበቅ ውጤት፦ አፍንጫ ወደ ታች። ቴስቱ ያልፋል። አረንጓዴ ይበራል። ኮዱማ የታዘዘውን ፈጽሟል! እንቅልፍ የሚነሳኝም ይኸው ነው። ባግ ቢሆን ኖሮ አንድ ጎበዝ ልጅ ኮዱን ሲያነብ ባገኘው ነበር። «ገና ከመሬት የተነሳ የመንገደኛ አውሮፕላን 74 ዲግሪ ሊቀና ይችላል ወይ? ሁለቱ ሴንሰሮች ካልተስማሙስ?» የሚለው ጥያቄ ግን ኮዱ ውስጥ አይገኝም። ያ ጥያቄ የሚጠየቅበት ሌላ ደረጃ አለ።

ያንን ደረጃ በደንብ የሚያሳየው ሥዕል ቪ-ሞዴል ይባላል። የላቲኑን ቪ ፊደል አስቡ፤ ለእኛማ ሀ ብንለውም ያስኬዳል። በግራው ክንድ ከላይ ወደ ታች እንወርዳለን፦ የተጠቃሚው መስፈርት፣ የሲስተሙ ንድፍ፣ የክፍሎቹ ንድፍ፣ እያለ ከታች ኮዱ ጋ ይደርሳል። ከዚያ በቀኙ ክንድ እንወጣለን፦ ዩኒት ቴስት፣ ኢንተግሬሽን ቴስት፣ ሲስተም ቴስት፣ ጫፉ ላይ የተጠቃሚው የመቀበያ ፍተሻ። ዋናው ቁም ነገር በሁለቱ ክንዶች መካከል አግድም የተዘረጉት ክሮች ናቸው። እያንዳንዱ የግራ ደረጃ በቀኝ በኩል ጥንድ አለው፤ የጥንዱ ፍተሻ የሚጻፈውም ኮዱ ካለቀ በኋላ ሳይሆን የግራው ደረጃ ሲጻፍ ነው።

ልብስ ሰፊ ጋ የሄደ ሰው ይህን ያውቀዋል። ሰፊው ልክህን ወስዶ ወረቀት ላይ ይጽፋል። ልብሱ አልቆ ስትለካው የሚፈተነው በዚያው ወረቀት ነው። ስፌቱ የማይተረተር፣ ክሩ ጠንካራ ሊሆን ይችላል፤ ያ የዩኒት ቴስት ነው። ወገቡ ከጠበበህ ግን የክሩ ጥንካሬ ምን ያደርግልሃል? ልክ በተወሰደና ልብሱ በደረሰ መሃል የሚለብሰው ልጅ ካደገ ደግሞ ወረቀቱ እንደገና መጻፍ አለበት። ኤምካስ ላይ ልጁ አደገ። 0.6 የነበረው 2.5 ሆነ። ለአዲሱ ልክ የሚመጥን የአደጋ ግምገማ ግን ከላይ እስከ ታች ተመልሶ አልተሠራም።

«ታዲያ አልፈተሹም?» ለሚል፦ ፈትሸዋል። የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ በሴፕቴምበር 2019 ባወጣው ሪፖርት እንዳሰፈረው፣ ቦይንግ ኤምካስ ያለአግባብ ቢነሳ አብራሪው ምን እንደሚያደርግ በሲሙሌተር ሞክሯል። የሞከረው ግን የጭራው ክንፍ ብቻውን ሲንቀሳቀስ ነው። ሴንሰሩ ሲሳሳት አብረው የሚመጡት፣ መሪው የሚንቀጠቀጠው፣ የፍጥነትና የከፍታ ንባቦች አይገጥሙም የሚሉት ማስጠንቀቂያዎች ሁሉ በአንድ ላይ ሲጮሁ አልተሞከረም። በቪው ቋንቋ ስንናገረው የክፍሉን ፍተሻ የሲስተሙ ፍተሻ ቦታ ላይ አስቀመጡት ማለት ነው።

ከዚህም የባሰ ንጹሕ ምሳሌ አለ። ሁለቱ የአንግል ሴንሰሮች ሳይስማሙ ሲቀሩ ለአብራሪው የሚነግር ማስጠንቀቂያ በሁሉም ማክስ ላይ እንዲኖር መስፈርቱ ያዝዝ ነበር። የተረከቡት ሶፍትዌር ግን ማስጠንቀቂያውን አየር መንገዶች በተጨማሪ ክፍያ ከሚገዙት ሌላ መለኪያ ጋር አስሮት ተገኘ። መለኪያውን ያልገዛ ማስጠንቀቂያውም አይሠራለትም። ቦይንግ ራሱ በ2019 እንዳመነው መሐንዲሶቹ ይህን ያወቁት በ2017፣ አውሮፕላኖቹን ማስረከብ ከጀመሩ ከወራት በኋላ ነው። አንድ መስፈርት፣ አንድ የመቀበያ ፍተሻ። «መለኪያውን ያልገዛ አውሮፕላን ላይ ሁለቱን ሴንሰሮች አለያይ፤ ማስጠንቀቂያው ይብራ።» ይህቺ አንዲት መስመር ተጽፋ ቢሆን ኖሮ አውሮፕላኑ ከፋብሪካ ሳይወጣ ይታወቅ ነበር።

አሁን «እኛ የእድርና የሱቅ አፕ ነው የምንሠራው፣ ይህ ሁሉ ለአውሮፕላን ነው» የሚል ይኖራል። እኔም እንደዚያ እል ነበር። የራሴን ልናገር።

እናቴ ደብረ ብርሃን ያለችበት የሰፈር እድር የአባላት መዋጮ በደብተር ነበር የሚይዘው። ከዚህ ከዳላስ ሆኜ ማታ ማታ አንድ አፕ ሠራሁላቸው። መስፈርቱ አንድ መስመር ነበር፤ በየወሩ መጨረሻ ለአባላት የመዋጮ ማስታወሻ በስልክ መልእክት ይላክ። የዘመን መቁጠሪያውን ኮድ በጥንቃቄ ነው የጻፍኩት። ጳጉሜን 6 ቀን 2011 ዓ.ም. ሴፕቴምበር 11 ቀን 2019 መሆኑን ሳይቀር የሚፈትሽ ዩኒት ቴስት ነበረኝ። ሁሉም አረንጓዴ ነው። ሰዓቱም አልሳተኝም፤ «ጠዋት ሁለት ሰዓት» ሲሉኝ ከሌሊቱ ስምንት የሚልክ ሞኝ አይደለሁም። (ሞኝ የሆኑ አፖች ግን ሞልተዋል፣ ታውቋቸዋላችሁ።)

ነሐሴ 30 ማስታወሻው ሄደ። ጳጉሜን 5 እንደገና ሄደ። ገንዘብ ያዧ ደወሉልኝ።

«ልጄ፣ እድሩ መዋጮ ጨመረ እየተባለ ሰፈሩ ታምሷል።»

«እትዬ፣ የወር መጨረሻ ስለሆነ እኮ ነው።»

«ለጳጉሜን ደሞዝ የሚከፍል መሥሪያ ቤት ታውቃለህ እንዴ?»

ኮዴ ትክክል ነበር። ጳጉሜን ወር ነው፤ መጨረሻም አለው። ለዩኒት ቴስቴ ይህ ሁሉ እውነት ነው። «ጳጉሜን መዋጮ አለው ወይ?» የሚለውን ግን ኮዱን ቢመረምሩት አይገኝም፤ የሚገኘው ከገንዘብ ያዧ አፍ ነው፤ እሳቸውን ደግሞ አልጠየቅኳቸውም። በኮዱና በሴትዮዋ መካከል ያለውን ክር አልዘረጋሁትም ነበር።

መልእክቱም ሌላ ጉድ ነበረው። እንግሊዝኛ ሲሆን አንድ የስልክ መልእክት 160 ፊደል ይይዛል፤ ቴስቶቼንም የጻፍኩት በእንግሊዝኛ ነበር። ፊደላችን ሲገባ ግን መልእክቱ በ16 ቢት ይጻፍና አንዱ የሚይዘው 70 ፊደል ብቻ ይሆናል፤ ከዚያ ካለፈ ደግሞ እየተቆራረጠ በአንዱ ቁራጭ 67። «ውድ የእድራችን አባል…» ብዬ በክብር የጀመርኩት ባለ 150 ፊደል መልእክት ሦስት ሆኖ ይሄዳል፣ የሦስት ይከፈልበታል። መልእክቱን የሚያዘጋጀው ኮዴ ብቻውን ሲፈተሽ ደኅና ነው፤ የላኪው አገልግሎት ኮድም ብቻውን ደኅና ነው። ችግሩ የተወለደው ሁለቱ ሲገናኙ ነው። ኢንተግሬሽን ቴስት የሚባለው ነገር ለዚህ ነው የተፈጠረው፤ ለአማርኛ ሶፍትዌር ደግሞ በአማርኛ ጽሑፍ ካልተሠራ ምንም አልተሠራም። ስምም እንደዚያው ነው፤ «ዓለሙ» ተብሎ የተመዘገበውን በ«አለሙ» ሲፈልጉት የማያገኝ መዝገብ፣ ሰውየውን ሁለት ጊዜ ይመዘግበውና አንዱን ባለዕዳ ያደርገዋል።

ቪ-ሞዴልን አሮጌ ነው የሚሉ አሉ፤ ግማሽ እውነት አላቸው። ዊንስተን ሮይስ በ1970 ባሳተመው ጽሑፍ ላይ ፍተሻን መጨረሻ ላይ ከምሮ መተው አደገኛ እንደሆነ አስጠንቅቆ ነበር፤ ቪው በኋላ ጀርመኖች በመንግሥት ሥራ ላይ መመሪያ ሲያደርጉት ግን ብዙ ወረቀት ይዞ መጣ። ለአንድ ዓመት መስፈርት አድርቆ፣ ለሌላ ዓመት ኮድ ጽፎ፣ በሦስተኛው ዓመት መፈተሽ ለአንድ ባለ አራት ሰው ቡድን ሞት ነው። እኔም በሥራዬ የሁለት ሳምንት ስፕሪንት ነው የምሠራው። ጥንዱ ግን ከዓመት ጋር የታሰረ አይደለም። አንድ ትንሽ ተግባር ስትጀምሩ፣ ያቺው ተግባር በሁለት ቀን የምታልቅ የራሷ ትንሽ ቪ ሊኖራት ይችላል።

ሌላው ክርክር የበለጠ ይከብደኛል። የአውሮፕላን ሶፍትዌር እኮ ዲኦ-178ሲ በሚባለው ደንብ ነው የሚሠራው። እያንዳንዱ ፍተሻ ከመስፈርት ጋር በቁጥር ይታሰራል። ያ ሁሉ እያለ አውሮፕላኖቹ ወደቁ። ታዲያ ቪው ምን ጠቀመ? ለዚህ ያለኝ መልስ ሙሉ አይደለም፤ የገንዘብና የጊዜ ጫና፣ የተቆጣጣሪው ድክመት፣ ሌላም ሌላም አለበት። እኔ ከዚያ የወሰድኩት ግን ይህን ነው፤ ክሮቹ በመጀመሪያ ቀን ስለተዘረጉ ብቻ ተዘርግተው አይቀሩም። በግራ በኩል አንድ ቁጥር በተነካ ቁጥር በቀኝ በኩል ያለው ጥንዱ መጮህ አለበት። 0.6 ወደ 2.5 ሲለወጥ የማንም ስክሪን ቀይ አልሆነም።

ስለዚህ በራሴ ሥራ የማደርገውን ልንገራችሁ፤ መሣሪያው ርካሽ ነው። እያንዳንዱ መስፈርት በአንድ ፋይል ውስጥ በቁጥር ይቀመጣል፣ በተጠቃሚው አነጋገር፣ በአማርኛ። እያንዳንዱ ቴስት ላይ የመስፈርቱ ቁጥር ይለጠፋል። ቴስቱ ሲያልፍ አንድ ትንሽ ስክሪፕት የመስፈርቱን ጽሑፍ ሃሽ አብሮ ይመዘግባል። በኋላ አንድ ሰው መስፈርቱን ሲነካ፣ አንዲት ቃልም ብትሆን፣ ሃሹ ይለወጥና ጥንዶቹ ቴስቶች ኮዱ ባይነካም ወደ ቀይ ይመለሳሉ። አንድ ሰው ደግሞ አይቶ «አዎ፣ ይህ ቴስት አሁንም ይህን መስፈርት ይፈትሻል» ብሎ ካልፈረመ አይለቁም። ስክሪፕቱ ከመቶ መስመር አይበልጥም። ለመጻፍ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ፈጀብኝ፤ ከባዱ ነገር ሲቀላ «ኧረ ምንም አይደለም» ብሎ ሳያነቡ መፈረሙን መልመድ ነው። እኔም አንድ ሁለቴ አድርጌዋለሁ።

ከጳጉሜኑ በኋላ ሌላም ነገር ለመድኩ። መስፈርቶቹን ለገንዘብ ያዧ በስልክ አንድ በአንድ አነብላቸዋለሁ፣ ኮድ ከመጻፌ በፊት። እሳቸው ቡናቸውን እያፈሉ ያዳምጣሉ። ጥቅምት ላይ አዲስ ነገር ጨምሬ ነበር፣ ራሴም የኮራሁበት። ቁጥር 14።

«አባል ወይም የአባል ቤተሰብ ሲሞት ለሁሉም አባላት ወዲያው መልእክት ይላካል።»

ዝም አሉ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር።

«ለሁሉም?» አሉኝ።

«አዎ እትዬ፣ ለሁሉም። በአንድ ደቂቃ ውስጥ።»

«ልጁ አዲስ አበባ ሥራ ላይ ያለውስ? እሱም አባል ነው። የእናቱን መርዶ በስልክ ፊደል ሊያነብ ነው?»

የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ማለዳ ሲዞር የማንን በር ዝም ብሎ ማለፍ እንዳለበት ያውቃል። ለዚያ ቤት ሽማግሌዎች አስቀድመው ተመርጠዋል፤ ሲነጋ ገብተው፣ አስቀምጠው ነው የሚያረዱት። እኔ ያንን ሰውዬ በአንድ መስመር ኮድ ልተካው ነበር፤ ኮዱ ደግሞ ምንም አይጎድለውም ነበር፣ ሁሉንም ቴስት ያልፍ ነበር።

ቁጥር 14ን ሰረዝኩት። በቦታው አሁን ያለው የመስፈርት ቁጥር 15 ነው፤ ቃሉ የእሳቸው ነው። «የሞት ነገር ሲመጣ አፑ ማንም ጋ አይልክም። የሟች ዘመድ የሆኑትን አባላት ዝርዝር ለገንዘብ ያዧ ብቻ ያሳይ። ቀሪውን እኛ እናውቃለን።» ጥንዱ የሆነው ቴስት አንድ ሰው ሞቷል ብሎ ይመዘግብና የወጡትን መልእክቶች ይቆጥራል፤ የሚጠብቀው ቁጥር ዜሮ ነው።